መታወቂያ የሚያወጡ ሕንፃዎች

እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ ቀና ናት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካሜራዋ ፊት ለተቀመጠ ሰው ሁሉ የምትለው ያንኑ ስለሆነ፦ «አንገት ቀና! ጆሮ ይታይ! መሳቅ የለም!» የመታወቂያ፣ የፓስፖርትና የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አንሺ ናት። ሱቋ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ያለች፣ ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ናት። ውስጧ ነጭ መጋረጃ፣ የሚሽከረከር በርጩማ፣ መስታወት ከነማበጠሪያው፣ እና ክራባት ረስቶ ለመጣ ሰው የሚውል አንድ ሰማያዊ ክራባት አለ። ያ ክራባት የከተማውን ግማሽ ወንድ አንገት ያውቃል።

ቀና በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ካሜራዋን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ካሰረች በኋላ ግንበኞች የሚጠቀሙባትን ትንሽ ውሃ ልክ አናቱ ላይ ታስቀምጣለች። አረፋዋ መሐል ላይ ካልቆመች ደንበኛው ሚኒስትርም ቢሆን ይጠብቃል። «ኧረ እትዬ ቀና፣ ፎቶሽ ሰው ያስረጃል» የሚላት ሲመጣ፣ «እኔ የማነሳው ያለውን ነው፤ የሌለውን ከፈለግህ ወንድሜ ጋ ሂድ» ትላለች። ታናሽ ወንድሟ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው።

ፊት አንድ ጊዜ ካየች አትረሳም። ገበያ መሐል ድንገት ባሏን በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ያ የግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ የሚለው ሰውዬ መጣ» ትላለች፤ ሰውየው ፎቶ የተነሳው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይሆናል። ከተማውን ግን አታውቀውም። ከቤቷ እስከ ሱቋ የአሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተመላለሰችው በዚያችው አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። መንገድ የጠፋበት እንግዳ «ፍርድ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢገባ፣ «ጉርድ ፎቶ ከሆነ እዚህ ነው፤ ሌላውን እንጃ» ነው መልሷ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ነጩ መጋረጃ ቡናማ ካርታ ሠርቶ ጠበቃት። ፎቅ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሌሊቱን በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ አድሯል። ካሜራው ሳጥኑ ውስጥ ስለነበር ተርፏል። የሕንፃው ባለቤት ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ ሠራተኛው ግድግዳውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ግድግዳው ሳይፈርስ ቧንቧው አይወጣም» አለ።

«ስንት ቀን?»

«አርባ።»

«ለአንድ ቧንቧ አርባ ቀን?»

«ቧንቧውስ በሦስት ቀን ያልቃል እትዬ። ግድግዳው እስኪደርቅ ነው።»

ቀና ካሜራዋን፣ ማቆሚያዋን፣ ውሃ ልኳንና ሰማያዊውን ክራባት ይዛ ቤት ገባች። ሥራ የለመደ እጅ ቤት ሲውል ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁም ሳጥኑን ገለበጠች፤ በሁለተኛው ቀን መልሳ ሞላችው፤ በሦስተኛው ቀን ባሏ ሻይ ይዞ መስኮቱ አጠገብ በተቀመጠበት፣ ሳታስበው «አንገት ቀና!» አለችው።

ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ የነበረ፣ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ዕድሜውን ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ ስለኖረ፣ ዛሬም ሳሎን ውስጥ ሰው ፈጠን ብሎ ካለፈበት ቀኝ እግሩ ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ይረግጣል። ጋሽ ፍሬን ይሉታል። ያን ዕለትም ወለሉን ረገጠና ሻዩን አስቀመጠ።

«ስሚ» አለ፣ «ከዚህ ቤት ወጣ ካላልሽ ወይ አንቺ ወይ እኔ ማበዳችን ነው። ካሜራሽን ያዢና እንውጣ።»

«ወዴት?»

«ከተማ ነዋ!»

«ከተማ ውስጥ ማን ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል?»

«ሰው አንሺ ያለሽ ማን ነው? ሕንፃ አንሺ። ሕንፃ ቢያንስ ዓይኑን አይጨፍንብሽም።»

ቀና ሳቀች። ሳቋ አልቆም ሲላት ነው ሐሳቡ የገባት።

በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ፊት ነበሩ። ጋሽ ፍሬን አካባቢውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። «እዚች ጋ ስንቱን ወደ ኋላ አስነድቻለሁ! ያቺን ግንድ ያየሽ እንደሆነ ሰባት ሰው ገጭቷታል» እያለ ያስጎበኛል። ፍርድ ቤቱ ስንት ፎቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ግን ቀና ብሎ ማየት ነበረበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተማሪ እግርና የመንገድ ጠርዝ ሲያይ፣ ከበር ከፍ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበር።

«አራት ፎቅ ነው ለካ!» አለ፣ እንደተታለለ ሰው።

ቀና ሕንፃውን ልክ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ደንበኛ አየችው። ግንባሩ ሰፊ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉት፤ እነዚያ ጆሮዎቹ ናቸው። ከቆመችበት የሚታየው አንዱ ብቻ ነበር። «ጆሮው አይታይም» አለችና ማቆሚያዋን ተሸክማ መንገድ ተሻገረች፤ አሁንም ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁንም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እስኪስተካከል። ውሃ ልኳን አስቀመጠች። አረፋዋ መሐል ቆመች። ከዚያ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ «አንገት ቀና!» ስትል፣ በአጠገቧ ታልፍ የነበረች አንዲት ወይዘሮ ደንገጥ ብላ አንገቷን አቀናች።

ከዚያን ቀን በኋላ ቤት የሚያስቀምጣቸው ጠፋ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ፣ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ይነክራሉ፣ በማግስቱ ይደግሙታል። ቀና ቤተ መጻሕፍቱን አነሳች፤ ደረጃው ዳገት ላይ ስለተሠራ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው አለች። በሁለት ትልልቅ ሕንፃዎች መሐል ተጣብቃ የቀረች፣ አንድ መስኮት ስፋት ያላትን ቤት አነሳች፤ «ይቺ በአውቶቡስ ወንበር መሐል የተቀመጠች ሴት ናት» አለች። ሰማያዊ መስታወት የለበሰው አዲሱ ፎቅ ግን አስቸገራት። ደመና ባለፈ ቁጥር መልኩ ይለወጣል፤ ሦስት ሰዓት ቆመችበት። «ዓይኑን ያርገበግባል» ብላ ተወችው።

ባንኩ ጋ ሲደርሱ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ማንሳት ክልክል ነው!»

«ሕንፃውን?»

«ሁሉንም! ዕቃሽን ሰብስቢ እመቤቴ።»

ቀና ዕቃዋን አልሰበሰበችም፤ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «አንተን አውቅሃለሁ» አለች። «አምና ክረምት ነው የመጣኸው። ሦስት ጊዜ አነሳሁህ፣ ሦስቱንም ጊዜ አስነጠሰህ።»

ጥበቃው አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መታወቂያውን አወጣ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሊያስነጥሰው ትንሽ የቀረው ይመስላል። ሁለቱም ሳቁ። ባንኩን እንድታነሳ ግን አልፈቀደላትም፤ ሕግ ሕግ ነው። ይልቅ ከጀርባው የባንኩ ግንብ ሳይታይ ራሱን እንድታነሳው ለመናት፤ ያን ዕለት አላስነጠሰውም።

እሑድ ታናሽ ወንድሟ ሊጠይቃቸው መጣ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁት። አንድ በአንድ አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ መጨረሻ ላይ አልቻለም።

«እቴቴ፣ ሕንፃዎቹ መታወቂያ ሊያወጡ ነው እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን ሻዩ ትን አለው።

«ምን ነካቸው?» አለች ቀና።

«ምንም አልነካቸውም። ችግሩ እሱ ነው! ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ አንቺ ያፈጣሉ። ትንሽ ከጎን፣ ትንሽ ከሥር አድርገሽ፣ ካሜራውን ዘንበል ብታደርጊው ሕይወት ይዘራሉ። እኔ ባቡር ጣቢያው ጋ ሙሽሮች ሳነሳ…»

«ባቡር ጣቢያው ዘመም ያለ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዘንበል ይላል?»

ወንድሟ ፎቶዎቹን ሰብስቦ መለሰላት። ባቡር ጣቢያው ግን በቀና ጆሮ ቀረ። በማግስቱ ሄደው አዩት። መቶ ዓመት ያለፈው የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ትልቁ በር ላይ እንደ ቅንድብ የተቀለሰ ቅስት አለው፤ ቅስቱ ሃያ ዘጠኝ ድንጋዮች ሲሆኑ በያንዳንዳቸው ላይ ቅጠልና የወይን ሐረግ ተቀርጾባቸዋል። ቀና ከሥሩ ቆማ አንጋጠጠች። የማንንም ፊት እንደዚያ በስስት ማየቷን አታስታውስም።

እሱን ለማንሳት አራት ቀን ፈጀባት። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ከኋላው ነበረች፣ ፊቱ ጠቆረ። በሁለተኛው ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ብርሃኑ ልክ ሆኖ ሳለ ፊት ለፊቱ የጉብኝት አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ እስኪመለስ ሕንፃው ላይ ጥላ ወደቀበት። በአራተኛው ቀን ያው አውቶቡስ እዚያው ቆሞ ጠበቃቸው፤ አሁን ሹፌሩ መሪውን ይዞ ጋዜጣ ያነባል። ቀና ልትለምነው ስትሄድ ጋሽ ፍሬን ቀደማት። በመስኮቱ በኩል ሹፌሩን አየና ድምፁን ለወጠ።

«መስታወት!» ብሎ ጮኸ።

ሹፌሩ ጋዜጣውን ጥሎ የጎን መስታወቱን አስተካከለ። «አቤት ጋሼ!»

«ሲግናል!»

ሲግናል አሳየ።

«ኋላህን እይ! ቀስ ብለህ ልቀቅ! ውጣ!»

አውቶቡሱ እንደ ሕፃን ታዛዥ ሆኖ ወጣ። ጋሽ ፍሬን እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ነው» አለ። ቀና ያን ቅስት ጥርት አድርጋ አነሳችው፤ የያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ፣ የያንዳንዱ ድንጋይ መጋጠሚያ ይቆጠራል።

ሳምንት ሳይሞላ የባቡር ጣቢያው ዙሪያ በቆርቆሮ ታጠረ። ቅስቱ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ድንጋዮቹ ወርደው እንደገና ሊገጠሙ ነው ተባለ። «እንኳን ቀድመን ደረስን» አለች ቀና፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳችው፣ ምክንያቱም አርባው ቀን ሞላና ሱቋ ተከፈተ።

አዲሱ ግድግዳ ነጭ ተቀብቶ ያበራ ነበር። የታችኛው ግማሹ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ምስማር ሲመቱበት ይፈረፈራል። ስለዚህ ቀና የሕንፃዎቹን ፎቶዎች ለመስቀል መሰላል ላይ ወጥታ ከፍ አድርጋ፣ ካሜራው ከሚቆምበት በላይ ሰቀለቻቸው። የባቡር ጣቢያውን መሐል አደረገችው፤ በትልቁ አሳትማው ነበር። ደንበኞች በርጩማው ላይ ተቀምጠው «እነዚህም ደንበኞችሽ ናቸው?» ይሏታል። «አዎ፣ እንደናንተ አይቁነጠነጡም» ትላለች።

ሥራ በጀመረች በአሥረኛው ቀን ይሆናል፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ ነጭ የድንጋይ ብናኝ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ገባ። ድንጋይ ጠራቢ ነው። ለሥራ ቦታ መግቢያ ባጅ ጉርድ ፎቶ አምጣ ተብሎ ነው የመጣው፤ ፊቱም ከብናኙ ሥር የጠቆረ ነው፤ ያስጠቆረው ደግሞ ፀሐይ ብቻ አልነበረም። ቀና ፎጣ ሰጠችው፣ ፊቱን ጠረገ፤ ክራባቱን ሰጠችው፣ እያጉረመረመ አሰረ። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አንገት ቀና አባቴ።»

ትንሽ ቀና አለና መልሶ ወረደ።

«አባቴ፣ ጆሮዎን እንጂ መላጣዎን መታወቂያ ላይ የሚፈልገው የለም። ቀና!»

«እንዴት ብዬ ቀና ልበል እህቴ!» አለ ሽማግሌው። «ሃያ ዘጠኝ ድንጋይ አፈር ላይ ዘርግተው ‹ግጠም› ብለው ነው የጠሩኝ። ከእኔ በፊት ያወረዷቸው ሰዎች ቁጥር የጻፉባቸው በጠመኔ ነው። በጠመኔ! ንፋስ ሸራውን ወሰደው፣ ሁለት ቀን ዘነበ፣ ቁጥሩ ታጠበ። አሁን የቱ ከየቱ እንደሚቀጥል የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉም ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ከቅጠል ምን ይለያል?»

«ይለያል» አለች ቀና፣ ለሥራዋ ቸኩላ። «አሁን አንዴ ቀና ይበሉልኝ፣ ወደ ላይ፣ ከካሜራው ትንሽ ከፍ…»

ሽማግሌው ቀና አለ። ዓይኑ ከካሜራው አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። አፉ ተከፈተ። ቀና «አፍ ይዘጋ» ልትል ስትል ብድግ ብሎ ተነሳ፤ በርጩማው ለብቻው መሽከርከር ጀመረ።

«እነዚህ የእኔ ድንጋዮች ናቸው!» አለ።

መሰላሉን ከጥግ ጎትቶ ወጣ። ጣቱን ወደ ፎቶው አስጠግቶ፣ ሳይነካው፣ ከግራ ወደ ቀኝ መቁጠር ጀመረ። ሃያ ዘጠኝ ሲደርስ መሰላሉ ላይ እንዳለ ቁጭ አለና ከትከት ብሎ ሳቀ። ቀና ያን ጊዜ አነሳችው። ለባጅ የማይሆን፣ ጥርሱ በሙሉ የሚታይ ፎቶ ነው፤ ሌላ አንድ ደግማ ማንሳት ነበረባት።

ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ከሽማግሌው ጋር ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች፤ ጋሽ ፍሬንም ማቆሚያውን ተሸክሞ ተከተለ። የሥራው ኃላፊ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ቢጫ ቆብ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የድንጋዮቹን ክምር እያየች አገኟት። አጠገቧ የቆመው ደግሞ የቀና ታናሽ ወንድም ነበር። የባቡር ጣቢያው ፎቶ ያለው ሁሉ እንዲያመጣ ተለምኖ፣ ሁለት መቶ ፎቶ ይዞ መጥቷል።

«እቴቴ?» አለ ደንግጦ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ?»

«ፎቶ አመጣሁላቸው…» ድምፁ እየሰለለ ሄደ። መሐንዲሷ በትሕትና ፎቶዎቹን አሳየቻት። ሁሉም ያምራሉ። ሁሉም ዘንበል ያሉ ናቸው። በግማሹ ቅስቱ በሙሽራ መጋረጃ ተሸፍኗል፤ በቀረው ግማሽ ሙሽሮቹ ጥርት ብለው ቅስቱ ደብዝዟል። በአንዱ ላይ ብቻ ስድስት ድንጋይ ይታያል፤ እሱም ላይ የሙሽራው አጎት ፊኛ ይዘው ገብተውበታል።

ቀና የራሷን ፎቶ ዘረጋችው። መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከኪሷ ማስመሪያ አወጣችና ከላይ ከታች ለካች፣ ከግራ ከቀኝ ለካች። ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እትዬ፣ ይሄን ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ምንም ዘንበል አላለም እኮ! ከዚህ ላይ መለካት ይቻላል። እንዲህ አድርገው እንዲያነሱ ማን አሠለጠነዎት?»

«የፓስፖርት ቢሮ ነው ልጄ» አለች ቀና። «ሩብ ጣት ከተዛባ ይመልሱብኛል።»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ግን ክፉ ልብ የለውምና ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ፎቶውን ባነር የሚያትም ጓደኛው ጋ ራሱ ይዞት በረረና በማግስቱ ጠዋት የበሩን ስፋት የሚያህል አድርጎ አሳትሞ አመጣው። ባነሩን መሬት ላይ ዘረጉት፤ ንፋስ እንዳያነሳው በአራቱም ጫፍ ድንጋይ አስቀመጡበት፤ ሥራው ተጀመረ።

ለሽማግሌው ሁሉም ቅጠል ነው፤ ለቀና ግን ሃያ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። በድንጋዮቹ መሐል እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትዘዋወራለች። «ይሄ የቀኝ ቅጠሉ ጫፍ የተሸረፈው ከግራ አራተኛው ነው። ይሄ ከአፍንጫው ሥር ዝገት የወረደበት አሥራ ሰባተኛ። ይቺ ጠባብ ግንባሯ… ቆይ፣ ቆይ… ሃያ ሁለተኛ።» ሽማግሌው ከኋላዋ እየተከተለ ቁጥር ይጽፋል፤ በዘይት ቀለም ነው የሚጽፈው፣ ጠመኔ የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ እንዳይገባ መሐንዲሷ አዛለች።

እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ አምስቱ ተለዩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰባተኛውና አሥራ አንደኛው ላይ ቀናና ሽማግሌው ተጣሉ።

«ይሄ ሰባተኛ ነው» አለች ቀና።

«አይደለም።»

«ቅጠሉን ይዩት እንጂ አባቴ፤ ፎቶው ላይ ያለው እሱ ነው!»

ሽማግሌው ቅጠሉን አላየም። ተንበረከከና ድንጋዩን በጎኑ፣ ማንም በማያየው በኩል ዳሰሰው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዳስሰው። «የዚህ ጎኑ ተዳፋትነቱ የአሥራ አንደኛው ነው። ሰባተኛው ቦታ ብንከተው ጎረቤቱን ገፍቶ ይጥለዋል» አለ። በገመድ ለኩት። እሱ ልክ ነበር፤ ሁለቱ ድንጋዮች እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ነበሩ።

ቀና አልተቀየመችም። «እኔ የማውቀው ከፊት ብቻ ነው ለካ» አለች፤ ተንበርክካም የድንጋዩን ጎን እሱ እንዳሳያት በመዳፏ ዳሰሰችው። ሻካራ ነው፣ ጥንት የጠረበው ሰው የመሮ ምልክት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፎበታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተግባቡ፤ እሷ በዓይን ትለያለች፣ እሱ በእጅ ያረጋግጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃያ ዘጠኙም አፈሩ ላይ ቅስት ሠርተው ተኙ።

መልሶ መግጠሙ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ቀና ሥራዋን ትታ መዋል ስለማትችል በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች ትመጣለች። ጋሽ ፍሬን ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው፤ ማንም ሳይቀጥረው ቢጫ ቆብ አግኝቷል። ድንጋዮቹን የሚያነሳው ክሬን ሹፌር ወደ ኋላ ሲመጣ ባየው ጊዜ ቀኝ እግሩ መሬቱን ረገጠ።

«አንተ! ሦስት ጊዜ የጣልኩህ አይደለህም?»

«አራት ነው ጋሼ» አለ ሹፌሩ፣ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ። «በአምስተኛው አልፌያለሁ።»

«በምን ዕድልህ ነው! ና፣ ቀስ… ቀስ… ግራ… በቃ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሬኑ ያለ ጋሽ ፍሬን ፈቃድ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም፤ አንድም ድንጋይ አልተጫረም።

መሐለኛው ድንጋይ፣ አሥራ አምስተኛው፣ የገባው ሐሙስ ቀን በምሳ ሰዓት ነው። ቀና መወጣጫው ላይ እንድትወጣ ሽማግሌው ለመናት። ቁመት ትፈራለች፤ ቢሆንም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወንድሟ ከኋላ እየደገፋት፣ «አይዞሽ እቴቴ፣ ወደ ታች አትዪ» እያላት ወጣች። ሽማግሌው ድንጋዩን በእንጨት መዶሻ ሁለቴ መታ፤ በሦስተኛው ጥብቅ ብሎ ገባ። ከሥር ያለው የእንጨት ድጋፍ ሲላቀቅ ሁሉም ቅስቱ ላይ አፈጠጠ። ቅስቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከታች መሐንዲሷ እጇን አጨበጨበች፤ ግንበኞቹ ጮኹ፤ ክሬኑ ጥሩምባውን ነፋ። ቀና እጇን አሥራ አምስተኛው ድንጋይ ላይ አሳርፋ እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ከዚያ ወደ ታች አየችና እዚያው ድርቅ ብላ ቀረች፤ ለማውረድ ግማሽ ሰዓትና ሦስት ሰው አስፈለገ።

የቆርቆሮው አጥር ሲነሳ ባቡር ጣቢያው እንደ ድሮው ሆነ። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ቅስቱን ሳያይ ከሥሩ ይገባል ይወጣል። ወንድሟ በዚህ ተናደደ፤ ቀና ግን «ባቡሩ እንዳያመልጣቸው ነው፤ ተዋቸው» አለችው።

መሐንዲሷ ሱቋ ድረስ መጣች። ወረቀት ይዛለች፤ ወረቀቱ ላይ ዕድሜ የጠገቡ አሥራ ስድስት ሕንፃዎች ተጽፈዋል፤ አንዳቸውም ለእድሳት ሳይነኩ፣ መሰላል ሳይደገፍባቸው፣ ልክ እንደ ባቡር ጣቢያው እንዲነሱላት ትፈልጋለች።

«እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምችለው» አለች ቀና። «በሥራ ቀን ሰው ይጠብቀኛል።»

«እሑድ ጥሩ ነው እትዬ።»

«ባሌም አብሮኝ ይመጣል። ከፊቴ የቆመ መኪና የሚያስነሳልኝ እሱ ነው።»

የመጀመሪያው እሑድ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈር ሄዱ። ቀና ከወንዙ ማዶ ተሻግራ አታውቅም ነበር፤ ድልድዩ ላይ ቆማ ውሃውን አየች፣ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎችን አየች፣ ባሏ «እንሂድ እንጂ» እስኪላት ድረስ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የድሮ የውሃ ማማ ነው። ከሩቅ ይታያል፤ ቀይ ጡብ፣ ረጅም፣ አናቱ ላይ ቆርቆሮ ባርኔጣ ያደረገ። አጠገቡ ሲደርሱ ቀና ማቆሚያዋን ልትተክል ቦታ መረጠች። ወደ ግራ ሄደች። አልተስማማትም። ወደ ቀኝ ሄደች። ከዚያ ማማውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ሁለተኛ ዞረችው። ጋሽ ፍሬን ማቆሚያውን ተሸክሞ ከኋላዋ ይዞራል።

«ምን ሆንሽ?»

«ክብ ነው» አለች።

«አዎ፣ ክብ ነው።»

«ፊቱ የት ነው?»

ጋሽ ፍሬን ማቆሚያውን አሳርፎ አንጋጠጠ። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል። በሩን ፈለገ፤ በሩ ተደፍኖ በላዩ ላይ ሐረግ በቅሎበታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አደባባይ ሲያስዞር የኖረ ሰው ነውና፣ ጥቂት አሰበና መፍትሔ አገኘ።

«ዙሪው» አለ። «ቀኝሽን ይዘሽ ዙሪው፤ ያማረሽ ቦታ ላይ ሲግናል አሳይተሽ ቁሚ።»

ቀና እየሳቀች ሦስተኛውን ዙር ጀመረች።